ዓሣ የጾሙት የባሕር ልጅ፦ የአቶ ኣውኣሎም ፍስሃየ የሕይወት ታሪክ

አቶ ኣውኣሎም ፍስሃየ ከአባታቸው ከአቶ ፍስሃየ ተወልደና ከእናታቸው ከወይዘሮ ለተገርግስ ሳህለ፣ በ1946 ዓ.ም. በዕለተ መስቀል፣ የደመራው ፍም ገና ሳይከስም በምጽዋ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ከሐማሴን ወርደው ወደብ ላይ የተቀጠሩ፣ ኋላም የዓሣ አጥማጆችን መረብ በመጠገንና ለመረቡ ማስጠሚያ የሚሆነውን እርሳስ በማቅለጥ ቤታቸውን ያስተዳደሩ ሰው ነበሩ። እናታቸው ደገኛ ነበሩ። ባሕሩን እስከ ዕለተ ሞታቸው "ያ ውሃ" ይሉት እንደነበር አቶ ኣውኣሎም እየሳቁ ያወሩ ነበር።

ወይዘሮ ለተገርግስ ሲወልዱ ብዙ ደም ፈሰሳቸው፤ ትኩሳት ተከተለ፤ ጡታቸውም ደረቀ። ሕፃኑ ሲያለቅስ ሰምተው፣ ግድግዳ የሚዋሰኗቸው ጎረቤት አደይ (እናት) ሐሊማ ከጥቂት ወራት በፊት የወለዷትን ልጃቸውን ፋጥማን እንደታቀፉ ገቡ። በአንዱ ጡት ፋጥማን፣ በአንዱ ጡት ኣውኣሎምን አጠቡ። ከዚያች ዕለት ጀምሮ አንዷ ወደ መስጊድ፣ አንዱ ወደ ቤተ ክርስቲያን እየሄዱ ያደጉ የጡት እህትና ወንድም ሆኑ።

አደይ ሐሊማ ለአራሷም የዛጎል ሾርባ ይዘው መጥተው ነበር። በዚያ ዳርቻ ባሕሩ ሲሸሽ ከድንጋዩ ላይ ዛጎል ይለቀማል፤ ሥጋው ወጥቶ በክር ይሰካና በፀሐይ ይደርቃል። ሴት ስትወልድ እሱ ተቀቅሎ ትጠጣለች፤ የፈሰሰ ደም ይመልሳል ይባላል። ወይዘሮ ለተገርግስ ግን ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። "እኔ የተጠመቅሁ ነኝ፤ ክንፍና ቅርፊት የሌለውን የባሕር ነገር አልቀምስም" አሉ። ነገሩ ለንስሐ አባታቸው ደረሰ። ካህኑ መጥተው የሕፃኑንና የእናቲቱን ፊት ተራ በተራ ካዩ በኋላ፣ "እንደ ምግብ ሳይሆን እንደ መድኃኒት ጠጪው። ድስቱን ግን ከቤት አታስገቢው" ብለው ፈረዱ።

ወይዘሮ ለተገርግስ ጠጡ፤ ዳኑ። ድስቱም ከደጅ ቀረ። ከዚያ ወዲያ በዚያ ቤት የዛጎል ሾርባ ምግብ ተብሎ ተጠርቶ አያውቅም። የራሱ ድስት ነበረው፤ ድስቱም የውጭ ድስት ነበር። ይህች ትንሽ ሥርዓት ከዘመናት በኋላ ውቅያኖስ ተሻግራ ምን ይዛ እንደምትመጣ ያን ቀን ማንም አላወቀም።

አቶ ኣውኣሎም ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በምጽዋ ትምህርት ቤት ገብተው እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማሩ። የዘመኑ ትምህርት በአማርኛ ነበርና በቤት በትግርኛ፣ በአደይ ሐሊማ ግቢ በትግረ፣ በክፍል በአማርኛ እየተናገሩ አደጉ። ከጎንደር የመጡት መምህራቸው ጮክ ብለው እንዲያነቡ ያዟቸው ስለነበር፣ ያ የማንበብ ድምፅ እስከ እርጅና አልተለያቸውም፤ እዚህ አሜሪካ፣ ኦሮራ ከተማም ደብራችን ውስጥ በአማርኛ የሚነበብ ነገር ሲኖር ለእሳቸው ነበር የሚሰጠው። "አማርኛን ያገኘሁት በትምህርት ቤት ነው፤ ሚስቴን ሮማነወርቅን ያገኘሁት ደግሞ በአማርኛ ነው" ይሉ ነበር።

ከክፍል ሲወጡ ሁለቱ የጡት ልጆች የሚገናኙት መርሳ ጀዲድ በተባለች ትንሽ ወሽመጥ ነበር። ፋጥማ ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ሰብስባ ዛጎል ትለቅማለች፤ ኣውኣሎም ቅርጫቱን ይይዛል። ዛጎሉን ስለማይበላ ግን ዓይኑ ከዓሣ ጠባሾቹ ላይ አይነሳም። ፋጥማ ለእናቷ ከምትወስደው የተጠበሰ ዓሣ ራስ ራሱን እየሰረቀ ይበላባት ነበር። "ይህ ልጅ የድመት ጡት ነው እንዴ የጠባው?" ስትል፣ አደይ ሐሊማ "ያው ያንቺኑ ነው" ይሏት ነበር አሉ።

ስምንተኛን እንደጨረሱ አባታቸው ዘንድ ሥራ ጀመሩ። ሥራው የእሳት ሥራ ነው። እርሳሱን በብረት ድስት አቅልጦ፣ እርጥብ አሸዋ ላይ በጣት በተሠራ ጉድጓድ ማፍሰስ፤ ሲቀዘቅዝ የቴምር ፍሬ የሚያክሉ ክብደቶች ይሆናሉ፤ እነሱ በመረቡ ጫፍ ይታሰራሉ። ጊዜው ሲከፋና መንገድ ሲዘጋ የሚገዛ እርሳስ ጠፋ። አባትና ልጅ የአሮጌ ካሚዮን ባትሪ እየሰበሩ ከውስጡ ያለውን ማቅለጥ ያዙ። አሲዱን ወደ ወሽመጡ ይደፋሉ፤ አመዱንና ዝቃጩን ማታ ጠርገው ማዕበሉ ከሚደርስበት ይጥላሉ። ማንም ክፉ ነገር ነው አላለም። አቶ ፍስሃየ መጥረጊያውን እያራገፉ "ባሕር ምን የማያጥበው አለ" ይሉ ነበር። ልጃቸውም አመኑ።

በ1970 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ከተማዋ ሲገባ አባታቸውን ቀብረው፣ እናታቸውን ወደ ሐማሴን ዘመዶች ሰድደው፣ ራሳቸው በጀልባ ወደ ፖርት ሱዳን ተሻገሩ። ከወይዘሮ ፋጥማ ጋርም በዚያው ተለያዩ። በሱዳን የጉልበት ሥራ እየሠሩ ሳሉ ከወሎ የተሰደዱትን ወይዘሮ ሮማነወርቅን ተዋወቁ። በ1976 ዓ.ም. በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው፣ እ.ኤ.አ. በ1991 በስደተኞች ፕሮግራም ዴንቨር ገቡ።

በሁለተኛው ዓመት አንድያ ልጃቸው ሄራን ተወለደች። ወይዘሮ ሮማነወርቅ ከወሊዱ በኋላ ለረጅም ጊዜ ታመሙ፤ ሌላ ልጅም አልወለዱም። አቶ ኣውኣሎም ሚስታቸውን አቅፈው ሽንት ቤት እያደረሱ፣ "አደይ ሐሊማ በሕይወት ብትኖር፣ ያ ሾርባ ቢኖር" ይሉ ነበር። ወደ ምጽዋ የሚልኩት ሰው አልነበራቸውም፤ ፋጥማም በሕይወት ትኑር አትኑር አያውቁም። ይህ ቁጭት በልባቸው ተቀመጠ።

ዴንቨር ኢንተርናሽናል አየር ማረፊያ ሥራ ሲጀምር ከመጀመሪያዎቹ የዊልቸር ገፊዎች አንዱ አቶ ኣውኣሎም ነበሩ፤ ጡረታ እስኪወጡም ከዚያው አልተነሱም። ሰው በዊልቸር ሲገፋ ጀርባ ብቻ እንደሚያይ፣ እሳቸው ግን የተሳፋሪውን ትከሻ አይተው ሐዘንተኛውን ከታማሚው እንደሚለዩ ይናገሩ ነበር። አንድ ቀን ከአውሮፕላን የወረዱ አንዲት እናት ጉምሩክ ፊት ሻንጣቸው ተከፍቶ ሲጨነቁ አነጋገራቸው የምጽዋ ሆነባቸው።

"እናቴ፣ የማን ሰፈር ነዎት?" ብለው ጠየቁ።

"ከመረብ ጠጋኞቹ ጀርባ" አሉ ሴትዮዋ።

"የአደይ ሐሊማን ልጅ ያውቃሉ? ፋጥማን?"

"የዛጎሏን ፋጥማን? ማን የማያውቃት አለ! አራስ ሁሉ የሷ አይደለም እንዴ።"

አቶ ኣውኣሎም ዊልቸሩን ይዘው እዚያው ቆሙ። ከኋላ የተሰለፈው ሰው እስኪቆጣ ድረስ አልተንቀሳቀሱም። በዚያው ሳምንት በስልክ ተገናኙ። ከሃያ ዓመት በላይ ከተለየቻቸው እህት አንደበት መጀመሪያ የሰሙት ቃል "አንተ ሌባ፣ የዓሣ ራሴን መልስ" የሚል ነበር። ከዚያ ወዲህ በፋሲካና በጥምቀት ወይዘሮ ፋጥማ፣ በኢድ አቶ ኣውኣሎም ሳይደውሉ ቀርተው አያውቁም። ከምጽዋ በመጣ መንገደኛ እጅም አንድ እሽግ የደረቀ የዛጎል ሥጋ ይመጣ ጀመር። እሳቸው አይቀምሱትም፤ ለወለደች ሁሉ ግን ያካፍሉ ነበር።

ልጃቸው ሄራን አቶ አለምሰገድን አግብታ በግሌንዴል አፓርታማ ተከራዩ። እ.ኤ.አ. በ2021 የልጅ ልጃቸው የምሥራች ተወለደች። አቶ ኣውኣሎም ለሚስታቸው ያልደረሰውን ለልጃቸው ሊያደርሱ ቆርጠው ተነሡ። አዲስ ድስትና ትንሽ የኤሌክትሪክ ምድጃ ገዝተው ባልኮኒው ላይ አስቀመጡ፤ በበረዶ ቀን እንኳ ጃኬታቸውን ደርበው እዚያው ቆመው ይቀቅሉ ነበር። አለምሰገድ በመስታወቱ ውስጥ እያያቸው "አባባ፣ ይግቡ እንጂ፤ ኪችን እኮ አለ" ሲላቸው፣ "ይህ የኪችን ነገር አይደለም ልጄ" ይሉት ነበር። ሄራን ጠጣች። ሕፃኗ ከሲታ ስለነበረች ጡት መተው ስትጀምር ለእሷም በማንኪያ ትንሽ ትንሽ ያቀምሷት ነበር። በእጃቸው ነበር የሚያቀምሷት፤ ማንኪያውን ለሌላ ሰው አይሰጡም።

የምሥራች ሁለት ዓመት ሲሞላት ለመደበኛ ምርመራ በሄደችበት ክሊኒክ፣ በደሟ ውስጥ እነሱ ሌድ የሚሉት እርሳስ ከሚገባው በላይ ተገኘ። በልጅ አእምሮ ላይ የሚሠራ ክፉ ነገር ነው። ያን ጊዜ ገና ቃል አልፈታችም ነበር። ሕንፃው አሮጌ ስለሆነ ሁሉም የመስኮቱን ቀለም ጠረጠረ። ሄራንና አለምሰገድ የኪራይ ውላቸውን አፍርሰው ወደ ሴንቴኒያል ተዛወሩ። አቶ ኣውኣሎምም ድስቱንና ምድጃውን ራሳቸው ተሸክመው አዲሱ ባልኮኒ ላይ አስቀመጡ። ከወራት በኋላ ቁጥሩ ጭራሽ ጨመረ።

ከጤና ቢሮ የመጣችው ሴት ለሁለተኛ ጊዜ ቤቱን ስትፈትሽ አቶ ኣውኣሎም የልጅቷን እግር ይዘው ሶፋ ላይ ተቀምጠው ነበር። ሴትዮዋ መሣሪያዋን አስቀምጣ፣ "ቀለሙ ቢሆን ኖሮ እዚህ ስትመጡ ቁጥሩ መውረድ ነበረበት። ከእናንተ ጋር የተጓዘ አንድ ነገር አለ" አለች፤ ሄራን ተረጎመች።

አለምሰገድ "በርበሬውን ወሰደች፣ ሸክላውን ወሰደች፣ መጫወቻዋን ሳይቀር ቼክ አደረገች። ምን ቀረ?" አለ።

አቶ ኣውኣሎም በመስታወቱ በር አሻግረው አዩ። ድስቱ እንደታጠበ ምድጃው ላይ ተደፍቷል። ልጅቷን ቀስ አድርገው ከጭናቸው አወረዱ፤ ወጡ፤ ድስቱንና እሽጉን ይዘው ገቡ። ድስቱ ቤት ውስጥ ሲገባ ይህ የመጀመሪያው ነበር።

"ይህን ጠይቃናለች?" አሏት ልጃቸውን።

"አባዬ፣ እሱ እኮ ፉድ አይደለም ብለኸኛል። እሷ የጠየቀችን ምን ትበላለች ብላ ነው።"

"አይደለም። ለዚህ ነው ያልነገርናት።"

ውጤቱ ሲመጣ በደረቀው ሥጋ ውስጥ እርሳስና ካድሚየም የሚባል ሌላ ብረት ተገኘ። ሴትዮዋ ቀስ ብላ አስረዳቻቸው፦ ካድሚየሙን ዛጎል ከባሕሩ ከራሱም ልትሰበስበው ትችላለች፤ ይህን ያህል እርሳስ ግን ሰው ያመጣው ነው። ዓሣ ይሸሻል፤ ዛጎል ቦታዋን አትለቅም። ከድንጋዩና ከአሸዋው የምታገኘውን ስትለቅም ትኖራለች፤ መርዙን ማስወጣት ስለማትችል በሥጋዋ ታስቀምጠዋለች፤ ሲደርቅ ደግሞ ይጠራቀማል። አቶ ኣውኣሎም አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ። "እርሳስ አሸዋ ውስጥ ስንት ዘመን ይቆያል?" ሴትዮዋ "እንደ ቅጠል አይበሰብስም፤ ሰው ካላወጣው እዚያው ነው" አለቻቸው።

በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ምሳ ቀርቦ ሳለ ስለ መርሳ ጀዲድ፣ ስለ ባትሪው፣ ስለ አባታቸው መጥረጊያ ለቤተሰቡ አወሩ። ሲጨርሱ እንዲህ አሉ፦ "ባሕር ያጥበዋል ተባልኩ፤ አመንኩ። ባሕሩ ግን ለዛጎሏ አስረከባት። ዛጎሏ ለፋጥማ ሰጠች፤ ፋጥማ ለእኔ ላከች፤ እኔ ደግሞ በገዛ ማንኪያዬ ለዚህች ልጅ።"

ወይዘሮ ሮማነወርቅ እጃቸውን ያዙ። "በፍቅር ያደረግኸውን እግዚአብሔር በክፋት አይቆጥርብህም" አሏቸው።

"የእኔስ ይቅር። ፋጥማ ቤት ግን ልጆች ሞልተዋል" አሉ።

ከዚያ ቀን በኋላ የአቶ ኣውኣሎም ሕይወት በዚህ አንድ ነገር ላይ ቆመ። የምሥራች ሾርባው ሲቀር ደሟ እየጠራ ሄደ፤ ዘግይታም ቢሆን ቃል ፈታች፤ አሁን ዝም የሚያሰኛት ጠፍቷል። ሐኪሞች ግን እስካሁን ይከታተሏታል። በምጽዋ ያሉትን የፋጥማን የልጅ ልጆች የሚመረምር፣ አራሶቹንም የሚያስጠነቅቅ አልነበረም። እንዲያስጠነቅቅ የሚገባው ሰው ደግሞ ማን እንደሆነ አቶ ኣውኣሎም ያውቁ ነበር።

ደወሉ። ወይዘሮ ፋጥማ እስከ መጨረሻው አዳመጡና፣ "አንተ ወንበር ገፊ፣ መቼ ነው ሐኪም የሆንከው?" አሉ።

"ሐኪም አይደለሁም። አመድ ደፊው እኔ ነኝ።"

"እኔ ዕድሜዬን ሙሉ በልቼው ይኸው አለሁ። በኩላሊት የታመምከው አንተ፣ ያልበላኸው። ይህን እንዴት ትፈታዋለህ?"

"የልጅቷ ደም..."

"የእናቴን ጡት ጠብተህ የእናቴን ድስት ረከሰ አልክ። እናትህን ያዳነውን ድስት።"

"የእናትሽን ድስት አይደለም ፋጥማ፤ የራሴን እሳት ነው ረከሰ ያልኩት። የዳህላኩን ልቀሚ፣ ከሩቅ ደሴት ልቀሚ፤ ከመርሳ ጀዲድ ብቻ አትልቀሚ።"

"ጉልበቴ ደሴት ይደርሳል? እዚያው ተወልጄ እዚያው ለቅሜ... ተወኝ" ብለው ዘጉት። በኢድ ሲደውሉ "እየሰገደች ነው" ተባሉ። በሚቀጥለውም ኢድ እንዲሁ። በፋሲካም ስልካቸው አልጮኸም።

ያን ጊዜ የአቶ ኣውኣሎም ኩላሊት ደክሞ፣ ኦሮራ ውስጥ በሳምንት ሦስት ቀን በማሽን እጥበት ይደረግላቸው ነበር። ኩላሊታቸውን ምን እንደጎዳው ሐኪሞቹ በእርግጥ አልተናገሩም፤ እሳቸውም አልጠየቁም። ማሽኑን ትተው ምጽዋ ሄደው እህታቸው ደጅ መቀመጥ አይችሉም። የሚችሉትን አደረጉ። አንድ ቀን ከማሽኑ ሲመለሱ ወይዘሮ ሮማነወርቅ ያለ ጨው የጠበሱትን ዓሣ ገፋ አድርገው፣ "ፋጥማ ከዚያ ጥግ መልቀም እስክትተው ከባሕር የወጣ ነገር አፌ አይገባም" ብለው ተሳሉ።

ወይዘሮ ሮማነወርቅ፣ "ጨዉን ዶክተሩ ከለከለህ፣ ሙዙን ዶክተሩ ከለከለህ፣ የተፈቀደልህን ደግሞ ራስህ ከልክል። እንግዲህ ምን ላብስልህ፣ አየር?" አሉ።

"እሱንም ጨው ሳታበዢበት" አሏቸው።

ስእለቱ ግን የቀልድ አልነበረም። ለደከመ ሰውነታቸው ዓሣ ይሻል ነበር፤ የምግብ ባለሙያዋ ደጋግማ ነግራቸዋለች። የንስሐ አባታቸው "ይህን ልፈታልዎ እችላለሁ፤ በሽተኛ አይሳልም" ሲሏቸው፣ አቶ ኣውኣሎም ጉልበታቸውን ስመው "አባቴ፣ ስለ ሌላ ሰው ልጆች የተሳልኩት ነው፤ እርስዎ ቢፈቱልኝ እነሱ አይፈቱም" አሉ። ካህኑም ከዚያ ወዲያ አልጠየቋቸውም። ለፋጥማም አልነገሩም፤ "አስገደደኝ ትላለች" ብለው። ዓሣ በሸተታቸው ቁጥር፣ በደብሩ ድግስም ይሁን በሰው ቤት፣ ተነሥተው ውጭ ይቆሙ ነበር። ሰው ጉዳዩን ስላላወቀ ሽታውን ጠሉት ይል ነበር። እንዴት አድርገው እንደሚወዱት ቤተሰባቸው ያውቃል።

ባለፈው ክረምት የኦሮራዋ ወይዘሮ ሀና እናቷን ልትጠይቅ ምጽዋ ሄዳ ስትመለስ ከወይዘሮ ፋጥማ የደረቀ ዓሣ ይዛ መጣች። መልእክቱ "ዛጎሌን ከናቀ ዓሣውን ይብላ፤ ኩርፊያው ይብቃ" የሚል ነበር። አቶ ኣውኣሎም እሽጉን ፊታቸው ላይ አድርገው ለረጅም ጊዜ አሸተቱት፤ ሳሙት። ከዚያም ለሀና መለሱላት። "አንቺ ብዪው ልጄ። እኔ ጾም ላይ ነኝ" አሏት። ሀና የጾሙን ምክንያት ከወይዘሮ ሮማነወርቅ ስትሰማ፣ አቶ ኣውኣሎም ሳያውቁ ለወይዘሮ ፋጥማ በስልክ ነገረቻቸው። የላብራቶሪ ውጤት ያላሳመናቸው ወይዘሮ ፋጥማ ዓሣ መተዋቸውን ሲሰሙ፣ "እሱ? ዓሣ?" ብለው ብቻ ዘጉት አለች።

መስከረም ላይ አቶ ኣውኣሎም ታመሙ። ልባቸውም ደከመ። በመጨረሻዎቹ ቀናት ሄራን አጠገባቸው ስትቀመጥ የሚጠይቋት አንድ ነገር ነበር። "ስልኩ ጮኸ?"

"አልጮኸም አባዬ።"

"ድምፁን ከፍ አድርጊው፤ እንቅልፍ ሊወስደኝ ይችላል።"

ማክሰኞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ከሰዓት በኋላ፣ ባለቤታቸው፣ ልጃቸው፣ አማቻቸውና የልጅ ልጃቸው በተሰበሰቡበት፣ በተወለዱ በሰባ ሁለት ዓመታቸው ነፍሳቸውን ለፈጣሪያቸው አስረከቡ። ስልካቸው እንደተከፈተ አልጋው ራስጌ ነበር።

ረቡዕ ጠዋት ጮኸ። ወይዘሮ ፋጥማ መሞታቸውን ሳያውቁ በድምፃቸው የላኩት መልእክት ነበር። እንዲህ ይላል፦ "ኣውኣሎም፣ እኔ ነኝ። ልጆቹን ይዤ መርሳ ጀዲድ ወረድኩ። አባትህ እሳት የሚያነድበትን ቦታ ቆፈርኩት፤ ያ የቴምር ፍሬ የሚመስለው ነገርህ ዛሬም አሸዋው ውስጥ አለ። በእጄ ያዝኩት። ከዚያ ወዲያ አልለቀምኩም። የደረቀውንም ሁሉ ሰብስቤ ከከተማ ውጭ ጉድጓድ አስቆፍሬ ቀበርኩት። ባሕር አልጣልኩትም፣ ሰማህ? ባሕር አልጣልኩትም። ለአራሶቹም ነገርኳቸው፤ ሰደቡኝ፤ ይሳደቡ። አሁን ዓሣህን ብላ። ራሱን ብላ፤ ይቅር ብዬሃለሁ።"

ሄራን ወደ አስከሬን ክፍል ሄዳ ስልኩን ጆሯቸው አጠገብ አድርጋ ሁለት ጊዜ አሰማቻቸው። ወይዘሮ ሮማነወርቅ መርዶውን ለወይዘሮ ፋጥማ ሲያረዱ፣ እሳቸው "እንግዲያው እናንተ ብሉለት" አሉ። "ጾሙ ሳይፈታ አይቅር።"

አቶ ኣውኣሎም ፍስሃየ በትዕግሥት የገፉ፣ ለማያውቁት መንገደኛ ሻንጣ የተሸከሙ፣ ሳያውቁ ያጠፉትን አውቀው እስከ ሞት የካሱ አባት ነበሩ። ባለቤታቸውን ወይዘሮ ሮማነወርቅን፣ ልጃቸውን ሄራንን፣ አማቻቸውን አለምሰገድን፣ የልጅ ልጃቸውን የምሥራችን፣ በምጽዋም የጡት እህታቸውን ወይዘሮ ፋጥማንና ቤተሰባቸውን ትተውልን ሄደዋል። በሕመማቸው ለጠየቃችሁ፣ በማሽኑ ቀን ላመላለሳችሁ፣ ዛሬም ሥራችሁን ትታችሁ ልትሸኟቸው ለመጣችሁ ሁሉ ቤተሰቡ ከልብ ያመሰግናል።

ዛሬ ቅዳሜ ጥቅምት 8 ቀን ከቀብሩ መልስ በደብሩ አዳራሽ የሚቀርበው ዓሣ ነው። ለሐዘን ቤት ለምን ዓሣ ሆነ የሚል ቢኖር ምክንያቱን ይህ ጽሑፍ ነግሮታል። የመጀመሪያዋን ጉርሻ የምሥራች በአያቷ ስም ትቆርሳለች። ራሱ ግን በሰሐኑ ላይ ይቀመጣል፤ የእሳቸው ነው።

በባሕር ላይ የተራመደው፣ በዳርቻው ፍም አንድዶ ለደከሙት ወዳጆቹ ዓሣና እንጀራ ያዘጋጀው ጌታ፣ አባታችንን "ና፣ ምሳ ብላ" ብሎ ይቀበላቸው። መርሳ ጀዲድንም ያንጻልን። አሜን።